ለዓለም ሽልማት የሚላከው ፊልም በይፋግም ይታይ

በያመቱ የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲቃረብ፥ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ባሉ ወጣቶቻችን ዘንድ አንድ የታወቀ ክርክር ይነሣል። ይኸውም በአሜሪካ አገር ለሚሰጠው ለኦስካር ሽልማት የትኞቹ ፊልሞች ይታጩ ይሆን፤ ከታጩትስ መካከል የትኛው ያሸንፍ ይሆን የሚለው ነው። ይህ ነገር የአዲስ አበባ ልጆች ብቻ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እኔ ራሴ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ፎገራ በወረድሁ ጊዜ፥ ወረታ ከተማ ውስጥ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ ካለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፥ ሦስት ወጣቶች በዚሁ ጉዳይ ሊጣሉ እስኪደርሱ ድረስ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንደኛው የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ለዕረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ናቸው። ገና በሲኒማ ቤት ያልታየውን ፊልም ሳይቀር፥ የአዘጋጁን ስም፥ የተዋናዮቹን ስም፥ በየትኛው አገር በዓል ላይ መጀመሪያ እንደሚታይ ከእጅ ስልካቸው እያነበቡ ይቆጥራሉ። ዕውቀታቸው አስደነቀኝ። ሰው በሩቅ ስላለ ጥበብ ይህን ያህል መጨነቁ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ያሰኛል።

ሆኖም አላስችል ብሎኝ በመካከላቸው ገባሁና፥ «ለመሆኑ ኢትዮጵያ ለዚህ ሽልማት ፊልም ልካ ታውቃለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ የወረዳው ሠራተኛ፥ «ኢትዮጵያ ትልካለች እንዴ?» ሲል ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ።

ልካለች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ሽልማቶቹ በሚቆጠሩበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። በ2010 ስለ ማራቶን ጀግናችን ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው፥ ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት «አትሌቱ» ተላከ። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፥ በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ተከተሉ። በ2019 ደግሞ ያን ፊሊፕ ቫይል የተባለ ጀርመናዊ እዚሁ አገራችን ውስጥ ያዘጋጀው፥ ስሙም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ነፋስን ተቃርኖ መሮጥ» የሚሆነው ፊልም በኢትዮጵያ ስም ቀረበ። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ከመጨረሻዎቹ አምስት ዕጩዎች መካከል አልገባም።

አልገቡም ማለት ግን ደካማ ሥራዎች ነበሩ ማለት አይደለም። «ድፍረት» በዚያው በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ በጀርመንም በበርሊን በተደረጉት የፊልም በዓሎች ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በጠለፋ ስለተወሰደች አንዲት ልጅ፥ ስለ እርስዋም ስለ ተሟገቱት ጠበቃ ስለ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነው፤ ወይዘሮ መዓዛም ከዓመታት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ዳሩ ግን ይኸው ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ተመልካቹ በአዳራሹ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቆም ተደርጎ፥ ለሕዝብ የታየው እገዳው ከተነሣ በኋላ ነበር። «ላምብ» በበኩሉ በ2015 በፈረንሳይ በካን የፊልም በዓል ከዋነኞቹ የምርጫ ክፍሎች በአንዱ ቀርቦ፥ በዚያ በዓል በይፋ ከተመረጡ ፊልሞች መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። በደጋ አገር የተሠራ፥ እናቱ የሞተችበትን አንድ ሕፃንና የሚወደውን በግ የሚያሳይ ነው። አጎትየው በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል፤ ልጁ ደግሞ በጉን ከቢላዋ ለማዳን መላ ይፈልጋል። ከዚህ የበለጠ የእኛ የሆነ ታሪክ ከወዴት ይመጣል? በየቤታችን በዓል በደረሰ ቁጥር ለበግ ያላለቀሰ ልጅ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የ«ጤዛ» ነገር ነው። አዘጋጁ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ላይ የተወለደ፥ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉት የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አገኘ። በተከታዩ ዓመት በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚደረገው በአፍሪካ የፊልም በዓል፥ በፌስፓኮ፥ ታላቁን የወርቅ ፈረስ ሽልማት ወሰደ። ፌስፓኮ ከ1969 ጀምሮ የቆየ፥ በአፍሪካውያን ዘንድ ከኦስካር ቢበልጥ እንጂ የማያንስ ክብር ያለው በዓል ነው። በፊልሙ ውስጥ አንበርብር የተባለው ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፥ አብዮቱን አይቶ፥ አንድ እግሩን አጥቶ፥ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ያች መንደር በጣና ዳር ያለች ናት። የፎገራ ሜዳ ራሱ ምዕራቡ ጣና ነውና፥ ታሪኩ የሌላ አገር ታሪክ አይደለም፤ የጎረቤት ነው።

ይህን ፊልም እኔ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኛ በተዋስሁት ኮምፒውተር ነው። ወደ ይፋግ በሄድሁ ጊዜም ያንኑ ይዤ ለአጎቴ አሳየሁት። ይፋግ ዛሬ በመንገድ ዳር የምትታይ ትንሽ ከተማ ትምሰል እንጂ፥ በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር የሚወጣውና ወደ ጎንደር የሚገባው ነጋዴ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አጎቴ የሩዝ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው ከስድሳ አይጎድልም። በሕይወቱ ፊልም አላየም ለማለት አይቻልም፤ የልጅ ልጆቹ ወረታ ወርደው በሜሞሪ የሚያስጭኑትን የህንድና የቻይና ፊልም ከኋላቸው ተቀምጦ ያያል። ቋንቋውን ግን አያውቀውም። የራሱን ቋንቋ የሚናገር፥ ያውም የራሱን አነጋገር የሚናገር ሰው በፊልም ሲያይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

በመጀመሪያ ላይ እየሣቀ፥ «ይች ሴትዮ የማንን አማች ትመስላለች!» እያለ ሲጨዋወት ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን በፊልሙ ውስጥ ወጣቶቹ ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው የሚታዩበት ክፍል መጣ። አጎቴ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። ዝም አለ። እኔም ደንግጬ፥ «ምነው አያ፥ ደከመዎ? ላቁመው?» አልሁት።

«ተወው፤ ይሂድ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ፥ «እኛ ዋሻ አልነበረንም። ሜዳ ነን። እኛ ከደንገሉ ውስጥ ነበር የምንውል፤ ውሃው እስከ ወገባችን» አለ። ብሔራዊ ውትድርና በ1983 በአዋጅ በታወጀ ጊዜ አጎቴ የጉብዝና ዕድሜ ላይ እንደነበረ አሰላሁ። በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ይህን ነገር ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሁለት ወንድሞቹ አንደኛው እንደወጣ የቀረ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደወጣ ግን የነገረን ሰው አልነበረም። ያን ማታ ነገረኝ።

ቀጥሎም፥ «ይህን የሠራውን ሰው ማን ሸለመው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ኢጣልያኖች» አልሁት፤ ቬኒስ የእነርሱ ከተማ ነውና።

«ጣልያን?» ብሎ በጣም ሣቀ። ከሣቀ በኋላ ደግሞ፥ «ጣልያን አይቶት፥ ዋጋዱጉ የምትለው አገር አይቶት፤ እኛ ግን ገና አሁን በአንተ መጣ» አለ። ልመልስለት አፌን ስከፍት የኮምፒውተሩ ባትሪ አለቀ። መብራትም ጠፍቶ ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ ቀረ።

ስለዚህ በሚመጡት ወራት የትኛው ፊልም ይታጭ ይሆን እያልን ስንገምት፥ ግምታችን ከሌላ ጥያቄ መጀመር ያለበት ይመስለኛል። ይኸውም፥ እኛ የምንልከው የትኛውን ነው? የምንልከውንስ ማን አይቶታል? የሚለው ነው። ይህም ጥያቄ የልብ ቁጭት ብቻ አይደለም፤ የውድድሩ ደንብ ራሱ የሚጠይቀው ነው።

ደንቡን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጥቂት ልዘርዝረው። ዓለም አቀፍ በሚባለው የኦስካር ክፍል ለመግባት እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ይልካል። ፊልሙን የሚመርጠው አዘጋጁ ራሱ ወይም አንድ ሚኒስቴር አይደለም፤ በአብዛኛው የፊልም ሙያተኞች ያሉበት፥ አባሎቹም አስቀድመው ለአሜሪካው አካዳሚ የታወቁ አንድ የአገር ኮሚቴ ነው። ከንግግሩ ከግማሽ የሚበልጠው ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ መሆን አለበት። ናይጄሪያ በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የላከችው «ላየንኸርት» የተባለው ፊልም ከጥቂት ደቂቃ በቀር በእንግሊዝኛ የተነገረ በመሆኑ ከውድድሩ ተሰርዟል። እኛ በዚህ በኩል የተባረክን ነን፤ አማርኛችንም ኦሮምኛችንም ትግርኛችንም በር ከፋች እንጂ በር ዘጊ አይደሉም። ከዚህ ሌላ ፊልሙ በራሱ አገር በንግድ ሲኒማ ቤት ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀናት ለሕዝብ መታየት ይገባዋል። ይህም የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆቹ መስከረም 30 ቀን፥ በእኛ መስከረም 20 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። መስከረም 20 ማለት ዕንቁጣጣሽ አልፎ፥ መስቀል ተከብሮ፥ ገና ሦስት ቀን ያልሞላው፥ በየመሥሪያ ቤቱ ያመቱ ዕቅድ የሚጻፍበት፥ ፋይሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ለመሻገር ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ኮሚቴ በነሐሴ ካልተሰየመ በመስከረም ተሰይሞ የሚያደርሰው ነገር የለም። ከላይ የቆጠርኋቸውን ዓመታት ተመልከቱ፤ 2010 ላይ ልከን እስከ 2014 ዝም አልን፤ 2015 ላይ ልከን እስከ 2019 ዝም አልን። በነዚያ በዝምታ ዓመታት አገሪቱ ፊልም አጥታ አልነበረም። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ይታይ የነበረው፥ በ2014 የተጀመረው የጉማ ሽልማትም ያገር ውስጥ ፊልሞችን በያመቱ አወዳድሮ መሸለም የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነበር። ያጣነው ፊልሙን አይደለም፤ ፊልሙን አይቶ፥ መርጦ፥ ወረቀቱን ሞልቶ በጊዜው የሚልክ ቋሚ እጅ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «ብንልክስ መች ያሸንፋል? ከ80 የሚበልጡ አገሮች በሚወዳደሩበት ላይ እኛ ማን ነን?» ይላል። እውነት ነው፤ ከነዚያ ሁሉ መጀመሪያ 15 ብቻ ይመረጣሉ፤ ከ15ቱም 5 ብቻ ይታጫሉ። ፊልሙን በአሜሪካ የሚያከፋፍል ድርጅት ያልተገኘለት አገር ሥራውን ድምፅ ሰጪዎቹ እንዲያዩለት ማድረግ እጅግ ይቸግረዋል፤ ለማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብም የትየለሌ ነው። ከአፍሪካ በዚህ ክፍል ያሸነፉትም ጥቂት ናቸው፤ አልጄሪያ በ1969ኙ «ዜድ»፥ ኮት ዲቯር በ1976ቱ «ጥቁርና ነጭ በቀለም»፥ ደቡብ አፍሪካ በ2005ቱ «ጾጺ»። ከነዚህም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውጭ አገር ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

ነገር ግን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ የተዋጉላትን ደቡብ ኮርያን እንመልከት። ይህች አገር ከ1962 አንሥታ ለዚህ ሽልማት ፊልም ስትልክ ኖራለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድም ጊዜ አልታጨችም። አልተወችም፤ ላከች፤ እንደገና ላከች። በ2019 «ፓራሳይት» የተባለው የቦንግ ጁን ሆ ፊልም በካን የወርቁን ዘንባባ ወሰደ፤ በ2020 የካቲት ወር ደግሞ አራት ኦስካር ሲያገኝ፥ ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለ የመጀመሪያው ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን ሲላኩ የኖሩት ፊልሞች ባክነው አልቀሩም፤ ኮሚቴው መምረጥን፥ ሲኒማ ቤቱ ያገሩን ሥራ ማሳየትን፥ ወጣቱም ያገሩን ፊልም ከውጪው ጋር ማወዳደርን የተማረባቸው ናቸው። ለፎገራ ሰው ደግሞ ከኮርያ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ሩዝን ወደዚህ ሜዳ ይዘው የመጡት ከሰሜኑ ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለውም ዘር ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከተዘራበት ከጅግና የአምራቾች ማኅበር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ምንም አያበቅል ይባል የነበረ መሬት ዛሬ የሚያበላውን ሕዝብ ቁጥር ወረታ ያሉት የሩዝ ወፍጮዎች ይመስክሩ። ታዲያ ከሰሜኑ ሩዝን ከተቀበልን፥ ከደቡቡ ትዕግሥትን ብንቀበል ምን ይጎዳናል?

አሁን ወደሚመጡት ፊልሞች ልመለስ። ሻይ ቤት ያገኘኋቸው ወጣቶች ዝርዝራቸውን እንዳወጡ እኔም የራሴን ላውጣ። የምጠብቀው ከስመ ጥሮቹ ብቻ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ ስለ ኢጣልያ ወረራ ለብዙ ዓመታት ሲደክምበት የኖረውን ትልቅ ሥራ በተለይ የጎንደር ልጅ ሁሉ በጉጉት ሊያየው ይገባል፤ ሆኖም ዓይኔ ይበልጥ ያረፈው በአጫጭር ፊልሞች ስማቸውን ማስጠራት በጀመሩት ወጣቶች ላይ ነው። ሕይወት አድማሱ «አዲስ ዓይን» የሚል ትርጉም ባለው አጭር ፊልሟ በ2015 ቬኒስ ደርሳለች። ቤዛ ኃይሉ ለማ «አልዓዛር» የተባለውን አጭር ፊልሙን በ2024 በካን በተደረገው የሃያስያን ሳምንት ላይ አሳይቷል። የ«አልዓዛር» ታሪክ ድርቅ በመታው የገጠር መንደር ውስጥ የአንድ አባወራ አስከሬን ከመቃብሩ ጠፍቶ በመገኘቱ የሚነሣ ነው፤ ተአምር ነው ወይስ ሌላ? እንዲህ ያለ ጥያቄ በእኛ ቀዬ በቀብር ማግሥት በየደጀ ሰላሙ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ከዘጋቢ ፊልሞችም የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» በሐረር ዙሪያ ስላለው የጫት ኑሮ ተሠርቶ፥ በ2021 መጨረሻ ለኦስካር ከተመረጡት 15 ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ነበር። ለዕጩነት አንድ ደረጃ ሲቀረው ቆመ ማለት ነው። በእስራኤል ካሉት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ዓለምወርቅ ዴቪድያን «የበለስ ዛፍ» ማለት በሆነው ፊልሟ፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጦርነትና አፈሳ በከበባት አንዲት ልጅ ታሪክ፥ በ2018 በካናዳ በቶሮንቶ በዓል ላይ ተሸልማለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። «ጤዛ»፥ «ላምብ»፥ «አልዓዛር»፥ «የበለስ ዛፍ»፤ ሁሉም ሩቅ አገር የደረሱት የሩቅ አገር ሰው በመምሰል አይደለም። በበኩሌ ከአዲስ አበባ በሚወጡት በብዙዎቹ የፍቅር ቀልድ ፊልሞች ላይ የማየው ጉድለት ይኸው ነው። ቤቱ የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም፤ ሶፋው፥ መኪናው፥ ሠራተኛዋ ሁሉ ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ይታያሉ። ሰውን ማሣቃቸውን አልጠላም፤ እኔም ሥቄአለሁ። ግን አጎቴ ስኒውን እንዲያስቀምጥ የሚያደርገው ይህ ዓይነቱ አይደለም። በሚመጡት ዓመታት ስለ እኛ የሚላከው ፊልም ከወዴት ይመጣል ብትሉኝ፥ ገና መጀመሪያውን ረጅም ፊልም ካልሠራ፥ አጭር ፊልሙን በብድር ካሜራ ከሠራ፥ ስለ ሰፈሩ ደግሞ አጥብቆ ከሚያውቅ ወጣት ነው ብዬ እገምታለሁ። ያ ወጣት ፊልሙን ጨርሶ ብቅ ባለ ጊዜ ኮሚቴው ተሰይሞ፥ ሲኒማ ቤቱ ክፍት ሆኖ፥ ተመልካቹም ለምዶ ካልጠበቀው፥ እንደ ቀዳሚዎቹ በቬኒስና በካን በኩል ዞሮ ሊመጣልን ነው።

ተመልካቹን ስለማለማመድ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ዘመን ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ፍርሃቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ቤቱ ግን አሁንም ከከተማ አልወጣም። ጎንደር ኢጣልያኖች የሠሩት ሲኒማ ቤት አለ፤ ባሕር ዳርም አዳራሾች አሉ። ከጎንደር ወዲህ፥ ከባሕር ዳር ወዲያ፥ ወረታም አዲስ ዘመንም ይፋግም ባሉበት በዚህ ሁሉ ሜዳ ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤትና በእጅ ስልክ ነው። እኔም ያደግሁበት ስለሆነ ቪዲዮ ቤቱን አልንቀውም፤ እዚያ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን በተቀመጥንበት ጊዜ ነው ፊልም መውደድን የተማርሁ። ግን ያገራችንን ትልቅ ሥራ በቪዲዮ ቤት አይቼ አላውቅም። ባለቤቱ ጠልቶ አይደለም፤ ማን ያመጣለታል? ከማን ይገዛዋል? ለባለ ሥራውስ የሚገባውን በማን በኩል ይከፍላል?

ይህ ለወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚያዳግት ነገር አይመስለኝም። የጤና ትምህርት ፊልም በመኪና ተጭኖ በየገበያው ይታይ እንደነበር ሽማግሎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ፕሮጀክተር በየትምህርት ቤቱ፥ በየመሥሪያ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያሳየው ሪፖርት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ሪፖርቱን አሳርፎ፥ የባለ ሥራውን ፈቃድ በደብዳቤ ጠይቆ፥ አንድ ያገር ፊልም ለሕዝብ ማሳየት ምን ወጪ አለው? ኮሚቴው ፊልም ለመምረጥ በሚቀመጥበት ጊዜም፥ የ7ቱን ቀን ትርኢት በአዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ለደንቡ ያህል አድርጎ ከመጨረስ ይልቅ፥ ጎንደርና ባሕር ዳርን፥ ደሴንና ሐዋሳን፥ ሐረርንም ቢጨምር፥ ፊልሙን የሚልከው አገር ፊልሙን ያየ አገር ይሆን ነበር።

ሻይ ቤት ለተገናኘኋቸው ሦስቱ ወጣቶች ይህንኑ ስነግራቸው የወረዳው ሠራተኛ ብዙ አልተከራከረኝም። ፕሮጀክተሩ የተቆለፈበትን ክፍል ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ ያውቃል። ፈቃድ የሚጠይቀውን ደብዳቤ እኔ እንድጽፍ፥ እርሱ ደግሞ አዳራሹን እንዲያስፈቅድ ተስማማን። ከተማሮቹ አንደኛው ጀኔሬተር ያለው ዘመድ አለኝ አለ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና። ሁለተኛው ገና ስለ ኦስካር ዝርዝሩ መከራከሩን አልተወም፤ እርሱንም ማስታወቂያውን በየግድግዳው እንዲለጥፍ አዘዝነው።

ይፋግ ተመልሼ ለአጎቴ ይህንኑ ነገርሁት፤ ምናልባት የሩዙ አጨዳ ሲያበቃ፥ ወደ ወረታ ወርዶ በትልቅ ሸራ ላይ ሊያየው እንደሚችል። አላመነኝም። ከዚያ ጥቂት አሰበና ጠየቀኝ፦

«ካቆመበት ነው የምትጀምሩት ወይስ ከመጀመሪያው?»